ድምፅም አማና ነው

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ላይ የቀረበ ንግግር)

  

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በብዙዎቻችን ቤት ውስጥ ያለ፣ ግን ከቁም ነገር የማንቆጥረው ነው። ከአልጋ ሥር ወይም ከቁም ሣጥን አናት ላይ አቧራ የጠጣ ካርቶን አለ። ውስጡ ካሴት ነው። የመንዙማው፣ የዳዕዋው፣ የቁርኣኑ ካሴት ስም አለው፤ ሽፋኑ ላይ ታትሟል። ከሬዲዮ የተቀዳው ግን ብዙውን ጊዜ ስም የለውም። ወይ «ሬዲዮ» ተብሎ በእስክርቢቶ ተጭሮበታል፣ ወይ ምንም አልተጻፈበትም። በውስጡ የማን ድምፅ እንዳለ የሚያውቀው የቀዳው ሰው ብቻ ነው። እርሱ ወደ አኺራ ሲሄድ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ካርቶኑ የሚጠብቀው ቆራሌውን ነው።

እኛ ዘንድ ለጥያቄ ከሚመጡ ቤተሰቦች መካከል «አባታችን የተዉልንን ካሴት ምን እናድርገው? ማጫወቻውም የለንም» የሚሉ አሉ። አንዱ ልጅ «ይጣል፣ ቤት አጣበበ» ይላል። እህቱ «የአባባ እጅ የነካው ነው» ብላ ታለቅሳለች። እናትየው ዝም ይላሉ። ጥያቄው ስለ አሮጌ ዕቃ የተነሳ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን ስለ አማና የተነሳ ጥያቄ ነው። የዛሬው መልእክታችን ባጭሩ ይህ ነው፦ ድምፅም አማና ነው። ይህ አማና የሚጠበቀው በሁለት ነገር ነው፤ እንዳይጠፋ በመያዝ፣ እንዳይዛባ ደግሞ ከነባለቤቱና ከነምንጩ በማስተላለፍ።

የኤፍ ኤም ትዝታ

ከእኛ ጋር ዕድሜ የሚጋሩ የአዲስ አበባ ልጆች ኤፍ ኤም ወደ ከተማችን የገባበትን ጊዜ ያስታውሱታል። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እኛ ገና ወጣቶች ነበርን። ከዚያ በፊት የለመድነው ሬዲዮ ከሩቅ የሚመጣ፣ ሲንሿሿ ጆሮ አስጠግተን የምንሰማው ነበር። የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ አጭርና መካከለኛ ሞገድ ሩቅ አይሄድም፤ ከተማውንና ዙሪያውን ያዳርሳል። ድምፁ ግን ጥርት ያለ ነው። ሩቅ አለመሄዱ ደግሞ የከተማው የራሱ አደረገው። የሚወራው ስለምናውቀው ሰፈር፣ ስለምንሄድበት መንገድ፣ ስለምንገዛበት ገበያ ሆነ። ሰው ከቤቱ ስልክ ደውሎ ሲናገር ጎረቤቱ በሬዲዮ ይሰማው ጀመር።

በታክሲ ውስጥ፣ በልብስ ሰፊው ቤት፣ በሱቁ መደርደሪያ ላይ ሬዲዮው ይናገር ነበር። በረመዷን ከዐስር በኋላ እናቶች ሳምቡሳ ሲጠቀልሉ በኩሽናው መስኮት ላይ ትንሿ ሬዲዮ ትቀመጥ ነበር። የዒድ ዕለት ጠዋት የመልካም ምኞት መልእክት ሲተላለፍ አባቶች «ዝም በሉ፣ እንስማ» ይሉን ነበር። በ1991 እና በ1999 ዓ.ም. የወጡት የብሮድካስት አዋጆች ለሃይማኖት ድርጅቶች የስርጭት ፈቃድ አይሰጡም ነበርና ዳዕዋችንና መንዙማችን በአብዛኛው የሚዘዋወረው በካሴት ነበር። የእኛ ሽማግሌዎች በኤፍ ኤም የሚሰሙት አልፎ አልፎ በእንግድነት ሲጋበዙ ነው። አንዱ ስለ መርካቶ ንግድ፣ አንዱ ስለ ተማረበት የቁርኣን ቤት፣ አንዱ በእግሩ ስለተጓዘበት የሐጅ ወይም የዒልም መንገድ ይናገራል። ያን ዕለት ቤተሰቡ ሁሉ ሬዲዮ ይከባል።

ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ደግሞ የጋዜጠኛ መዓዛ ብሩ «የጨዋታ እንግዳ» ሰውን ረጋ ብሎ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ፣ አንዳንዴም ለተከታታይ ሳምንታት የሚያናግር ሆነ። ብዙ ሰው አንድ አዛውንት ራሱ ያልተጻፈ መጽሐፍ መሆኑን የተረዳው እንዲህ ያለውን ረጅም ጨዋታ ሲሰማ ነው።

እንግዲህ የምንወደውን ድምፅ ለመያዝ የነበረን ዘዴ ካሴት ነበር። ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ እንጫናለን። ማስታወቂያ ሲመጣ እናቆማለን፣ ሲያልቅ እንለቃለን። የ60 ደቂቃው ካሴት በአንድ ጎኑ የሚይዘው 30 ደቂቃ ነው። ጎኑ ሲያልቅ እስክንገለብጠው ድረስ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ያመልጠናል። ያመለጠው አመለጠ፤ እንደዛሬው ተመልሶ የሚሰማበት ቦታ አልነበረም። ባዶ ካሴት መግዣ ሲታጣ በነበረው ላይ ይቀዳል። አንዱ ድምፅ ሌላውን ያጠፋል። በብዙ ቤት የአያት ድምፅ በኳስ ጨዋታ ዘገባ ሥር ተቀብሯል።

ድምፅ በዲናችን ያለው ቦታ

አንዳንድ ወንድም «ይህ ሁሉ የዱንያ ትዝታ አይደለም ወይ? ዲን ከካሴት ጋር ምን አገናኘው?» ይል ይሆናል። እንመልከት።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ሌሊት አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪይ (ረ.ዐ) ቁርኣን ሲቀሩ ቆመው አዳመጡ። በማግስቱም የድምፃቸውን ማማር ከነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ቤተሰብ ዜማ ጋር አያይዘው አወደሱላቸው። የአገራችን ልጅ ቢላል (ረ.ዐ) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሕልፈት በኋላ አዛን ማድረግ ትተው ወደ ሻም ሄዱ። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም በመጡ ጊዜ አዛን እንዲያደርጉ ጠየቋቸው። ያን ድምፅ ሲሰሙ ሶሐቦች እንደዚያን ቀን አልቅሰው እንደማያውቁ የታሪክ መጻሕፍት ዘግበዋል። ቃሉ በየቀኑ አምስት ጊዜ የሚሰሙት አዛን ነው። ያስለቀሳቸው ድምፁ ነው፤ ድምፁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመካከላቸው የነበሩበትን ዘመን አመጣባቸው። ስለዚህ ድምፅ ትዝታን መቀስቀሱ የሚነወር ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ነገር የመጥፋት ሥጋት ነው። በየማማ ጦርነት ብዙ ቁርኣን ሐፊዞች ሲሰዉ ዑመር (ረ.ዐ) ወደ አቡበክር (ረ.ዐ) ሄደው ቁርኣን እንዲሰበሰብ አሳሰቡ። ዘይድ ኢብን ሣቢትም (ረ.ዐ) ከዘንባባ ዝንጣፊ፣ ከድንጋይና ከሰዎች ልብ ሰበሰቡት። ከ99 እስከ 101 ዓመተ ሂጅራ የገዙት ኸሊፋ ዑመር ኢብን ዐብዱልዐዚዝም ዒልም እንዳይጠፋ፣ ዑለማኦች እንዳያልፉ ፈርተው ሐዲስ እንዲጻፍ ወደ መዲና ደብዳቤ ላኩ። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ሥራ የተጀመረው የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት እያሉ ነው። ቢዘገይ ኖሮ ማንን ይጠይቁ ነበር?

በእርግጥ የቁርኣንንና የሐዲስን ክብር ከሬዲዮ ወሬ ጋር አናስተካክልም፤ አላህ ይጠብቀን። የምንወስደው የአሠራሩን ትምህርት ነው።

ሬዲዮን ያዳነው አድማጭ

አሁን ደግሞ ስለ ራሱ ስለ ሬዲዮ ቅጂ አንድ እውነተኛ ታሪክ እንንገራችሁ። የግብፅ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 1934 ሲከፈት የመጀመሪያውን ቁርኣን የቀሩት ዓይነ ስውሩ ሸኽ ሙሐመድ ሪፍዐት ነበሩ። ከመቀበላቸው በፊት ቁርኣንን በሬዲዮ መቅራት ይፈቀድ እንደሆነ ከአል-አዝሃር ሸኽ ጠይቀዋል። ከዚያ በኋላ ድምፃቸው በየቤቱ ገባ። ነገር ግን በዚያ ዘመን አብዛኛው ስርጭት በቀጥታ የሚተላለፍ ስለነበር ተላልፎ ያልቃል። ሸኹ በጉሮሮ ሕመም ድምፃቸው ተዘጋ፤ እ.ኤ.አ. በ1950 ወደ አኺራ ሄዱ። ዛሬ ከእርሳቸው ቅጂ አብዛኛው የተረፈው ቤታቸው ተቀምጠው ከሬዲዮ በሸክላ ይቀዱ በነበሩ ወዳጆች ነው፤ ከእነርሱም ግንባር ቀደሙ ዘከሪያ ፓሻ ሚህራን ናቸው። ጣቢያው ያልያዘውን አድማጭ ያዘው።

ከዚያ ትምህርት ተወስዷል ለማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1961 በሸኽ መሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ ድምፅ ሙሉ ቁርኣን በሙረተል አቀራር ተቀድቶ ተያዘ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1964 ደግሞ በካይሮ የቁርኣን ሬዲዮ ተከፈተ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ቁርኣንን ወደ አማርኛ የተረጎሙት ሸኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ሥራ በ1961 ዓ.ም. ታትሞ በየቤታችን አለ። ቃላቸውን እናነባለን። ስንቶቻችን ድምፃቸውን እናውቃለን? ከእነርሱ በታች ያሉት፣ በየመስጊዱ ያስቀሩን፣ በየገጠሩ ደረሳ የሰበሰቡ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በኤፍ ኤም እንግዳ ሆነው የተሰሙ ሸኾችና እናቶችስ? የእነርሱ ድምፅ ካለ ያለው ያ ካርቶን ውስጥ ነው።

«ሙሉውን ስሙት»

ድምፁን መያዝ ብቻ ግን አይበቃም። በአንድ ሰፈር የሆነውን እንንገራችሁ፤ ስም አንጠራም። አንድ አዛውንት ሐጂ ከቤታቸው ጎን ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለሕፃናት ቁርኣን መቅሪያ ሰጥተው ኖረው አረፉ። ዓመታት አለፉ። ከልጅ ልጆቻቸው አንዱ አጭር ድምፅ በስልክ ለዘመዶቹ ላከ። ሐጂው በአንድ የዒድ ዕለት በኤፍ ኤም ሬዲዮ እንግዳ ሆነው የተናገሩት ነው። ድምፁ የእርሳቸው መሆኑን ማንም አልተጠራጠረም። «እነዚህ ክፍሎች የእኔ ናቸው» ይላል። በቃ፣ እዚያ ላይ ያቆማል። ከወራሾች አንዳንዶቹ «እንግዲያው ወቅፍ አይደለም፤ ድርሻችን ይሰጠን» አሉ። የመድረሳው ኮሚቴ «ወቅፍ ነው» አለ። የተጻፈ ነገር የለም። ነገሩ ሰላምታ እስከ መከልከል ደረሰ። «ፍርድ ቤት እንገናኝ» ተባለ።

ሽማግሌዎች ሲቀመጡ እኛም ተጠራን። የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ይህን ማን ቀዳው? አንተስ ከማን አገኘኸው?» የሚል ነበር። ወጣቱ ከአጎቱ ልጅ ማግኘቱን ነገረን፤ ያም ከሌላ፣ ያኛውም ከሌላ። እንዲህ እየተባለ በመጨረሻ አክስታቸው ዘንድ ተደረሰ። እርሳቸው ካሴቱን በነጭ ሻሽ እንደተጠቀለለ ከሻንጣ አወጡት። ሽፋኑ ላይ የአባታቸው ስም፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ የትኛው ዒድ እንደነበረና «ከሬዲዮ የቀዳሁት እኔ ነኝ» የሚል በእጃቸው ተጽፏል። «ልጆቼ፣ ቆርጣችሁ አትስሙ፤ ሙሉውን ስሙት» አሉ።

ካሴቱ ሲጫወት ሐጂው እንዲህ ይላሉ፦ «አንድም ቀን እነዚህ ክፍሎች የእኔ ናቸው ብዬ አላውቅም፤ ለአላህ ሰጥቻቸዋለሁ።» ቀጥለውም ሲሰጡ በቦታው የነበሩ ሁለት ጎረቤቶችን በስም ጠሩ። የዓረፍተ ነገሩ ራስና እግር ተቆርጦ በስልክ የዞረው መሀሉ ብቻ ነበር። በክፋት ይሁን በችኮላ፣ አላህ ያውቃል። ጎረቤቶቹ ሰፈር ለቀው ነበርና ተፈልገው ተገኙ፤ መሰከሩም። ወራሾቹ ይቅር ተባባሉ፣ ወቅፉም በጽሑፍ ሰፈረ። አላህ ያን ቤተሰብ ያዳነው አንዲት ሴት ካሴቱ ላይ በጻፏት አንድ መስመር ሰበብ ነው።

ይህች መስመር ምንድን ናት? በዑለማኦች ቋንቋ ኢስናድ ናት። የሐዲስ ሊቃውንት አንድ ወሬ ሲመጣላቸው «ከማን ሰማህ? እርሱስ ከማን?» ይላሉ። ጃቢር ኢብን ዐብዲላህ (ረ.ዐ) አንዲት ሐዲስ ከራሱ ከሰሚው ለመስማት የአንድ ወር መንገድ ወደ ሻም ተጉዘዋል። ኢስናድ የሌለው ካሴት፣ ቢያምርም፣ ባለቤቱ እንደማይታወቅ ዕቃ ነው፤ ማንም የፈለገውን ሊያደርግበት ይችላል።

በፊቅህም ቢሆን ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በኢማም ማሊክ መዝሀብ ዓይነ ስውር ሰው ድምፁን ለይቶ በሚያውቀው ሰው ንግግር ላይ መመስከር ይችላል። የሐነፊያና የሻፊዒያ ዑለማኦች ግን ድምፅ ከድምፅ ስለሚመሳሰል ጠበቅ አድርገው ይዘውታል። እነርሱ ይህን ያሉት መቅጃ መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ ኮምፒዩተር የሞተ ሰው ድምፅ አስመስሎ ያላለውን ያናግረዋል። የአንድ ሸኽ ድምፅ በስልክ ሲደርሰን «እርሳቸው ናቸው፤ ድምፃቸውን አውቃለሁ» ማለት ከእንግዲህ አያዋጣም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣ አጣሩ ያለን ለዚህ ዓይነቱ ቀን ጭምር ነው። የሰማውን ሁሉ የሚያወራ ሰው ውሸት እንደሚበቃው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት እያሉ እንጠይቅ። እናታችንን፣ አባታችንን አስቀምጠን ካሴቱን አብረን እንስማ። «ይሄ ማነው? የት ነው? መቼ ነው? የትኛው ጣቢያ ነው? ማን ቀዳው?» ብለን በካሴቱ ላይ እንጻፍ። ይህ ለእነርሱም በጎ መዋል ነው፤ ብዙ አዛውንቶች የሚፈልጉት አጠገባቸው ተቀምጦ የሚሰማቸው ሰው ነው።

ሁለተኛ፣ ካሴቱን ከጥፋት እንጠብቅ። በካሴቱ ጀርባ ጥግ ላይ ያሉትን ትንንሽ የፕላስቲክ ክዳኖች ከሰበርናቸው በላዩ ላይ ሌላ ነገር አይቀዳም። ፀሐይ፣ እርጥበትና ሙቀት ክሩን ያበላሹታል። ማግኔት ድምፁን ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ከትልልቅ ድምፅ ማጉያ አጠገብ አናስቀምጠው።

ሦስተኛ፣ ወደ ኮምፒዩተር እንገልብጠው። ደህና የሚሠራ ቴፕ ከጎረቤትም ቢሆን ይገኛል። ድምፅ የሚያነበውን ብረት በአልኮል በነካ ጥጥ እንጥረግ። ካሴቱን መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አሂደን እንመልሰው፤ ከዚያ ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ በሽቦ ወደ ኮምፒዩተር እናስገባው። ክሩ ከተጣበቀ ወይም ከጮኸ አናስገድደው፤ ለሚያውቅ ሰው እንስጥ። ስንገለብጥ አንቁረጥ፤ ሙሉውን፣ ማስታወቂያውም ቢሆን ይግባ። ጣቢያውንና ዘመኑን የሚናገረው አንዳንዴ ማስታወቂያው ነው። ቅጂውን ከአንድ በላይ ቦታ እናኑር። ዋናውንም አንጣል።

አራተኛ፣ እንለይ። በአንድ ካሴት ላይ የሸኽ ምክርም ዘፈንም ሊኖር ይችላል። የሚጠቅመውን ይዘን የማይጠቅመውን መተው ነው እንጂ በአንዱ ምክንያት ሁሉንም ማቃጠል አይደለም። የሰው ነውር ወይም የቤት ምሥጢር ካለበት እንሸፍን። የሙስሊምን ነውር የሸፈነ አላህ የእርሱን እንደሚሸፍንለት ተነግሮናል፤ ሟች ደግሞ ራሱን መከላከል አይችልም። በሬዲዮ ያልተላለፈውን፣ በቤት ውስጥ ብቻ የተቀዳውን፣ ቤተሰብ ሳይፈቅድ ለሕዝብ አናውጣ።

አምስተኛ፣ ያለ ኢስናድ አናስተላልፍ። በስልካችን የመጣ ድምፅ ማን፣ የትና መቼ እንደተናገረው ካላወቅን እኛ ዘንድ ይቁም። ስንልክም ከሙሉው ጋር፣ ከስሙና ከዓመቱ ጋር እንላክ።

ወጣቶች ሆይ! ይህ በተለይ የእናንተ ሥራ ነው። ኮምፒዩተሩ በእጃችሁ ነው። በየጀማዓችሁ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት መድባችሁ የሰፈራችሁን ሽማግሌዎች ካሴት ብትገለብጡላቸው የምትይዙት የከተማችሁን ሙስሊም ታሪክ ነው። ወላጆች ሆይ! ካርቶኑን ለልዋጭና ለቆራሌ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ክፈቱት።

በመጨረሻም፣ ሬዲዮ ቢቀዳንም ባይቀዳንም የእኛ ንግግር ሳይመዘገብ አይቀርም። ሰው አንዲት ቃል ሲናገር አጠገቡ ተጠባባቂ መልአክ እንዳለ አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ቃፍ አስተምሮናል። ያ መዝገብ አይቆረጥም፣ በላዩ አይቀዳበትም፣ ሙቀት አያበላሸውም። ቂያማ ዕለት ሙሉው ነው የሚሰማው። ስለዚህ ልጆቻችን ነገ ከእኛ የሚያገኙት ድምፅ የምክር፣ የዱዓእና የእርቅ ድምፅ እንዲሆን ዛሬ አንደበታችንን እንጠብቅ።

አላህ የሙታኖቻችንን ነፍስ ይማር፤ ቀብራቸውን ያስፋ። በሕይወት ያሉትን ሽማግሌዎቻችንን ዕድሜያቸውን ከጤና ጋር ያርዝምልን። ያስተማሩንን ሁሉ ኸይር ጀዛእ ይክፈላቸው። አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።